ቅቤ የነካው ቃጫ

«አረፋውን፣ ሠርክ! አረፋውን ግፊው እንጂ እኔን ምን ታዪኛለሽ!»

እህተማርያም ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ በምግብ ቤት ጭልፋ አረፋ ትጨልፋለች። ትጨልፋለች፣ ትደፋለች፣ መልሳ ትጨልፋለች። አረፋው ግን ምን ሲደረግ! እንደ ፈላ ወተት እየገነፈለ በጠርዙ ወርዶ ጫማዋ ውስጥ ይገባል።

«ማሚ፣ አይ ስዌር፣ ባወጣሁት ቁጥር እየባሰበት ነው!» ሠርክ ልጇ ናት፣ አንድ ለእናቷ። ናይሮቢ ተወልዳ ናይሮቢ ያደገች፤ ዛሬ ከኮሌጅ ቀርታ የአባቷን ቱታ እጅጌውን ጠቅልላ ለብሳለች።

«ሙቱኩ! ማሽኑን እናቁመው እንዴ?» አለች እህተማርያም።

ሙቱኩ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከጋለው ከበሮ አጠገብ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። በያጅ ነው፤ ይሄን ማሽን ከእህተማርያም ባል ጋር ሆኖ ከቁርጥራጭ ብረት የገጣጠመው እሱ ነው። «ማማ ሠርክ» አላት በስዋሂሊ፣ እዚያ አገር እናት በልጇ ስም ነው የምትጠራው፣ «ካቆምነው መልሰን የምንሞላበት ውሃ የለም። ሀኩና ማጂ። ያለን እዚህ ገንዳ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።»

ይሄን ብሎ ሳይጨርስ የመጋዘኑ በር ተንኳኳ። እህተማርያም ጭልፋውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እንግዳዋ መጣች።

ቆይ ቆይ፣ ሰዎቹን አሳየኋችሁ እንጂ ነገሩን አላስያዝኳችሁም።

የሻይ ከረጢት ታውቃላችሁ አይደል? ያቺ ክር ያላት፣ ኩባያ ውስጥ የምትነከረው። እሷ ወረቀት ትመስላለች እንጂ ጨርቅ ናት፤ ግን ያልተፈተለች፣ ያልተሸመነች፣ የሸማኔ ደጅ ረግጣ የማታውቅ ጨርቅ። የእህተማርያም ባል ይድነቃቸው ስለሷ ማውራት ከጀመረ ገበታው ላይ ያለው እንጀራ ይደርቃል።

«ቃጫውን በጥፍር ልክ ትቆርጠዋለህ» ይላል፣ «ረዥም ከሆነ ውሃ ውስጥ ተጠላልፎ ገመድ ይሆንብሃል። በሶዳ ትቀቅለዋለህ። እስኪበቃው ታጥበዋለህ። ከዚያ ውሃ ውስጥ ትበትነዋለህ፤ ውሃው ባሕር፣ ቃጫው ቁንጥር! እያንዳንዷ ጭረት ብቻዋን እስክትዋኝ። ከዚያ በሚሄድ ወንፊት ላይ ትለቀዋለህ። ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው ከላይ ይቀራል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድሞ፣ ልክ እንደ አውድማ ገለባ። ያንን እርጥብ ነገር ትጨምቀዋለህ፣ ሙቅ ውሃ እንዳይፈታው ትንሽ ማጣበቂያ ታጠጣዋለህ፣ በጋለ ከበሮ ላይ ታሳልፈዋለህ። በቃ! ጨርቅ ወጣ!»

ሚስቱ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለው ምግብ ቤት ወጥ ቤቱን ስለምትመራ እሱም እዚያው አይጠፋም ነበር። ጥብስ ልትበሉ ገብታችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ የተቀደደ የመኪና ዘይት ማጣሪያ ነው። «እየው፣ ይሄም የዚሁ ዘመድ ነው!» ቀጥሎ የሐኪም የአፍ ጭምብል። ቀጥሎ የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚጠቀለልበት ጨርቅ። ሰው ይስቅበት ነበር። ግን እብድ አልነበረም። አገር ቤት ወረቀት ፋብሪካ ነው ያረጀው። የሻይ ከረጢት የሚሠራው በአብዛኛው ከፊሊፒንስ በሚመጣ፣ ሙዝ በሚመስል ተክል ቃጫ ነው። ይድነቃቸው ደግሞ፣ «ያ ተክል እኮ የእንሰት የአክስት ልጅ ነው! የኛ የእንሰት ቃጫ ገመድ ከሚሆን ለምን ጨርቅ አይሆንም? እነዚህ ኬንያዎች ሻዩ የራሳቸው፣ ከረጢቱ የሰው!» ብሎ ተነሳ። ኢንደስትሪያል ኤሪያ መጋዘን ተከራየ፣ ሙቱኩን አገኘ፣ ማሽኑን ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ጨርቆች ተቀዳደዱ። ቀጥሎ የመጡት ትንሽ ያዙ። ልክ እየተቃረበ ሲመጣ፣ አንድ ቀን ጠዋት ገንዳው አጠገብ እጁ ውሃ ውስጥ እንዳለ ወደቀ። ስትሮክ።

ቀኝ ጎኑ ሄደ። አንደበቱም ሄደ። ከዚያ ሁሉ ወሬ፣ ሰው እንጀራው እየደረቀ ከሚሰማው ከዚያ ሁሉ ወሬ፣ የቀረችው አንዲት ቃል ናት። እህተማርያም ወደ ቤት በገባች ቁጥር ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ያወጣና፣ «ወጣ?» ይላታል።

«ነገ» ትለዋለች። ነገ ስትለው ይበላል። አንድ ቀን ደክሟት ዝም ብላ ብታልፈው ማንኪያውን በጥርሱ ነክሶ አልለቅም አለ። ሐኪሙ ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ሁለተኛ ከመታው አይተርፍም፣ ልቡንም ተስፋ አታሳጡት» ብሏታል። ስለዚህ ወጥ ቤቱን ለሰው ትታ መጋዘን ገባች። ሴትዮዋ ማሽን ፈልጋ አይደለም እኮ። ያቺን ጨርቅ ባሏ በሕይወት እያለ እጁ ላይ ልታስቀምጥለት ነው።

አሁን ደግሞ ጊዜው አለቀ። መጋዘኑ ተሸጧል፤ አዲሱ ባለቤት አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው፣ እስከ ዛሬ ከሰዓት ልቀቁ ብሏል። አንድ በር ብቻ ቀረ። ዌስትላንድስ ቢሮ ያለው አንድ የሻይ ድርጅት አለ፤ እዚያ ጥራት የምትቆጣጠረው ኛምቡራ የምትባል ሴት አለቆቿን ለምና አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንድታይላቸው ፈቀዱላት። ጨርቁ ካለፈ ማሽኑ ወደ ድርጅቱ ግቢ ይገባል። ካላለፈ ድርጅቱ ለከርሞም ከውጭ ያስመጣል፣ ማሽኑም ተቆራርጦ ብረት ይሆናል። የዛሬዋ እንግዳ እሷ ናት።

«ካሪቡ፣ ግቢ» አለች እህተማርያም፣ ጭልፋውን ከኋላዋ እየደበቀች።

ኛምቡራ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ አረፋውን እንዳላየች አለፈችው። ከእህተማርያም ጎን ቆማ ጠበቀች። ጨዋ ሴት ናት፤ ጨዋነቷ ነው ጭራሽ ያስጨነቀው።

እርጥቡ ጨርቅ ወንፊቱ ላይ መምጣት ጀመረ። አይ፣ ምን ልበላችሁ! አረፋው ውስጥ ያለው አየር ቃጫው ላይ ተጣብቆ፣ ወንፊቱ ላይ ሲደርስ ጧ ይላል፣ ጧ ባለበት ቦታ ቀዳዳ ይቀራል። ጨርቁ በሙሉ ዓይን በዓይን ሆነ። መሀል መሀሉ ላይ ደግሞ ያልበሰለ ቃጫ እንደ ሽበት ተቆልሎ ይታያል።

«ምንድነው ግን እንዲህ ያረገው?» አለች ሠርክ በሹክሹክታ። «አባዬ ሲሠራ እኮ ኔቨር እንዲህ ሆኖ አያውቅም!»

እህተማርያም አልመለሰችላትም። ማታ ቃጫውን ስትቀቅል ባሏ እንደሚያደርገው ነው ያደረገችው። ሶዳው ያው፣ ድስቱ ያው። እጥበቱ እርግጥ ጎድሏል፤ ከተማው በድርቅ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ቧንቧው ሲደርቅ ያዘዙት ቦቴም ግማሹን ሌላ ቦታ አራግፎ ነው የመጣው፣ አንዴ ብቻ ነው ያለቀለቁት። ግን እጥበት ቢጎድል ይሄ ሁሉ አረፋ ከየት ይመጣል? ሳሙና ማን ጨመረበት?

ከዚያ ጨርቅ ውስጥ ቀዳዳ ያልበዛበትን፣ የመዳፍ ያህል ቦታ ሙቱኩ በመቀስ ቆረጠ። አደረቁት። ኛምቡራ ከቦርሳዋ የውጭውን ጨርቅ አወጣች፤ ነጭ፣ ስስ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን የሚያሳልፍ። ሁለቱንም አጥፋ በሻይ ቅጠል ሞላች፣ አሰረች፣ ሁለት ብርጭቆ ውስጥ የፈላ ውሃ ቀድታ ነከረቻቸው።

አራቱም ብርጭቆዎቹ ላይ አጎነበሱ።

የውጭው እንደተጠበቀው ሆነ። የነሱ... የነሱ ያዘ! አልተፈታም። ኛምቡራ በማንኪያ ገፋችው፣ አገላበጠችው፣ ያዘ። ሻዩ ቀስ እያለ ቀይ ሆኖ ወጣ። ሠርክ የእናቷን ክንድ በጥፍሯ ጨመደደች። ሙቱኩ ኮፍያውን አወለቀ። እህተማርያም «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች በልቧ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ኛምቡራ ብርጭቆውን አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ቆመች። እንደገና አሸተተች። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ሻዩ ላይ ትንንሽ የቅባት ዓይኖች ይንሳፈፋሉ።

«ሳምሊ?» አለች። ቅቤ ማለቷ ነው።

ያኔ ነው ለእህተማርያም የገባት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቃጫውን የሚልክላቸው ሞያሌ ያለ ሀምዱ የሚባል ነጋዴ ነው። ድሮ ይድነቃቸው ራሱ ድንበር ድረስ ሄዶ ጭረት በጭረት መርጦ ነበር የሚያመጣው። ታሞ ከተኛ ወዲህ ግን እህተማርያም ስልክ ደውላ፣ «ሀምዱ ወንድሜ፣ ጋሼ ታሟል፣ ደህናውን ላክልኝ» ብቻ አለችው። ጆንያው የመጣ ቀን ስትፈታው ቃጫው ያብረቀርቃል፣ ይለሰልሳል፣ እንደ ተጎነጎነ ጸጉር። ፊቷን ቀበረችበት። የእናቷ ቤት ሸተታት። ሙቱኩ አፍንጫውን ይዞ፣ «ማማ ሠርክ፣ ይሄ ነገር ይሸታል» ቢላት ሳቀችበት። «የኛ አገር ሽታ ነው፣ አንተ ምን ታውቃለህ!» አለችው። ለሷ ሽታ አልነበረማ። ዕድሜዋን ሙሉ ወጥ ቤቷም፣ ጸጉሯም፣ ነጠላዋም የሚሸተው ቅቤ ነው፤ ሰው የራሱን ቤት ሽታ መች ይሸተዋል? እንግዲህ ያ ቅቤ ነው ከሶዳው ጋር ተቀቅሎ ሳሙና የሆነው። ሶዳው ቅቤውን ሲበላ ቃጫው ሳይበስል ቀረ፣ ውሃ አጥሮ ሳሙናው ሳይለቅ ቀረ፣ ያልተበላው ቅቤ ደግሞ ሻይ ላይ ወጣ።

ኛምቡራ ብርጭቆውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ይሄን ለአለቆቼ ላሳያቸው አልችልም» አለች። «ጨርቁ እኮ ይዟል። ይዟል። ግን እነሱ የሚያዩት አንዴ ብቻ ነው።»

«ሌላ ቃጫ ቢመጣ? በደንብ ቢታጠብ?»

«ዛሬ ማታ የውጭውን ውል ይፈርማሉ።» የእህተማርያምን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «ፖሌ ሳና፣ ማማ፣ በጣም አዝናለሁ።» ስትወጣ የውጭውን ጨርቅ ትርፍ ጠረጴዛው ላይ ረስታ ሄደች። ወይም ትታ ሄደች፣ ማን ያውቃል።

እህተማርያም ስልኳን አነሳች። ልትሰድበው ነው። ልትጮህበት ነው። ለሀምዱ ደወለች።

«አሎ! እህት ዓለም!» የሀምዱ ድምፅ ከገበያ ጫጫታ መሀል መጣ፣ ደስ ብሎት። «ደረሰሽ አይደል? ሰላም ገባ?»

«ደርሶኛል ሀምዱ። ቃጫው... ምን ነክቶት ነው?»

«አየሽው? ሃሃ! ወላሂ ዘሀራ ናት፣ ባለቤቴ! ጎረቤቶቿን ሰብስባ ለጋ ቅቤ ሲያጠጡት ነው የዋሉት። ‹ለታመመ ሰው እንዴት ደረቅ ነገር ይላካል?› አለችኝ። እኔ ለገመድ ነጋዴ እንኳ እንዲህ አሳምሬ ልኬ አላውቅም! ጋሽ ይድነቃቸው በእጁ ሲዳስሰው ደስ ይበለው ብለን ነው። እንዴት ነው እሱ? ዱዓ ላይ ነን እኮ፣ ሰፈሩ ሁሉ።»

ምን ትበለው? እስኪ ምን ትበለው? ሴቶቹ በየደጃቸው ተቀምጠው፣ ቃጫውን እንደ ልጅ ጸጉር እየደባበሱ ታዩዋት።

«እግዜር ይስጥልኝ በላት ዘሀራን» አለች። «ደስ ይለዋል።»

ስልኩን ዘግታ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ አረፋው መሀል።

ከሰዓት በኋላ የአዲሱ ባለቤት ሰዎች ብረት ቆራጭ ይዘው መጡ። ሙቱኩ በሩ ላይ ቆሞ አላስገባም አላቸው። ሊጣላ ነው ብለው ነበር፤ ለካ ሌላ ነው። «እኔ የበየድኩትን ሌላ ሰው አይቆርጠውም» አላቸው። መነጽሩን አደረገ፣ እሳቱን ለኮሰ፣ ራሱ መቁረጥ ጀመረ። መጀመሪያ የወንፊቱን ፍሬም፣ ቀጥሎ ከበሮው የተሸከመበትን እግር። ሲቆርጥ ከማን ጋር እንደሆነ እንጃ ያወራል፤ «እቺን እሱ ነው ያጠበቃት... እቺን ሁለቴ አስፈትቶኛል ያ ሽማግሌ...» ወንፊቱን አንድ ሰውዬ ጠቅልሎ ተሸከመው። ለምን ይሆንሃል ሲሉት ለዶሮ አጥር አለ። ለዶሮ! ያን ሁሉ ዓመት ውሃ ያጣራ ወንፊት።

ገንዳውን ሲገለብጡት ሳሙናው ውሃ በመጋዘኑ በር ወጥቶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካን ይዘው እየሮጡ መጡና አሽትተው ተመለሱ።

እናትና ልጅ ማታቱ፣ የናይሮቢን ሚኒባስ ታክሲ፣ ተሳፈሩ። እንደ ሌላው ቀን ትራፊኩ ቆሟል፣ ሬዲዮው ይጮሃል። የእህተማርያም ቦርሳ ጭኗ ላይ ነው። ቦርሳው ውስጥ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አለ፤ አንዱ የነሱ፣ በቀዳዳ የተበሳሳው፣ ሻካራው፣ ቅቤ የሚሸተው። ሌላው የውጭው፣ ኛምቡራ ትታው የሄደችው።

«ማሚ» አለች ሠርክ ወደ መስኮቱ እያየች፣ «የፈረንጁን ስጪው።»

«ምን?»

«የፈረንጁን። ወጣ በይው። ጀስት... ስጪው። ይዳስሰው፣ ደስ ይበለው። ከየት እንደመጣ በምን ያውቃል?»

«አባትሽ በዓይኑ መች አየ? በእጁ ነው የሚያየው። ሰው ያሳደገውን ልጅ አይስትም።»

«ጨርቅ ነው እኮ ማሚ፣ ልጅ አይደለም!»

«እሱ ጨርቁን ከልጅ ለይቶት ያውቃል?»

የሠርክ እንባ መጣ። «የኛን ከሰጠሽው እኮ ትገድዪዋለሽ። ዶክተሩ ምን አለ? ይሄን ቀዳዳ ይዞ ነው የሚሞተው? ይሄን ሽታ?»

«የሰው ይዞስ ቢሞት?» አለች እህተማርያም። «ደግሞ ቢያውቅብኝስ? ዕድሜ ልኩን አንድ እኔን ነው ያመነው። ያቺ ጣቱ ጨርቁን ፈትጋ፣ ዓይኑን ወደኔ ያዞረ ዕለትስ?»

«እንግዲያው ‹ነገ› በይው።»

«ነገ የሚባል ማሽን የታለ ልጄ?»

ሁርሊንግሃም ወረዱ። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው ቤታቸው። በሩን ሲከፍቱ ሽሮ ሳይሆን መላጫ ሳሙና ሸተታቸው። ይድነቃቸውን የምትጠብቀው ጎረቤት፣ ማንጠግቦሽ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እየሳቀች ወጣች።

«ኧረ ዛሬስ ጉድ ነው እህቴ! ከጠዋት ጀምሮ አገጩን እያሳየ ላጪኝ ይለኛል። ላጨሁት። ነጭ ሸሚዙን ጠቆመኝ፤ አለበስኩት። ሰርግ አለ እንዴ ብለው በዓይኑ ሳቀብኝ!»

ሠርክ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትላንት እራት ሲበላ፣ እንግዳዋ ዛሬ እንደምትመጣ የነገረችው እሷ ናት። ደስ እንዲለው ብላ።

እህተማርያም ገባች። ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከታመመ ጀምሮ እንዲህ ቀና ብሎ አይታው አታውቅም። ግማሽ ፊቱ እንደ ልጅ ያበራል፣ ግማሹ አይንቀሳቀስም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋ አሁንም እርጥብ ነው።

ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ስር አወጣ። መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋው። አውራ ጣቱና ጠቋሚ ጣቱ ቀድመው መፋተግ ጀምረዋል፣ ገና ባልያዙት ነገር ላይ።

«ወጣ?» አላት።

እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። በጣቶቿ ሁለቱንም ነክታቸዋለች፤ ለስላሳውንም፣ ሻካራውንም። ሠርክ በሩ ላይ ቆማ እናቷን ታያለች። እሱ ይጠብቃል። ዓይኑን ከሷ ላይ አልነቀለም፣ መዳፉ እንደተዘረጋ ነው።

እናንተ ብትሆኑስ፣ የትኛውን ታስይዙት ነበር?